አንድሮይድ ስቱዲዮን በ8 ጂቢ ራምና በቁጥብ ዳታ ማሠራት፦ ከመጫን እስከ ኤፒኬ

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አባባሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ «አንድሮይድ ስቱዲዮ ጫንኩ። ዳታዬን ጨረሰው፣ ላፕቶፔን አንቀራፈፈው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በቀይ የተጻፈ ነገር አመጣብኝ። ምን ላድርግ?» እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም በቅደም ተከተል አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

አንድሮይድ ስቱዲዮ የአንድሮይድ ስልክ አፕ የሚሠራበት የጎግል ፕሮግራም ነው፤ ኤፒኬ ደግሞ ስልክ ላይ የሚጫነው የአፑ ፋይል ነው። መመሪያው ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ጀማሪዎች ነው። እዚህ አፕ የሚጻፍባቸውን ቋንቋዎች፣ ኮትሊንን ወይም ጃቫን፣ አንማርም፤ መሣሪያውን ራሱን ነው የምናየው። የሜኑ ስሞች ከእትም እትም ትንሽ ይቀያየራሉ። እኔ የጠቀስኩትን ስም በቦታው ካጣችሁት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ አንድ ላይ ተጫኑና በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ስሙን ጻፉ። የትም ይደበቅ፣ ያገኝላችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ የተጫነበት ኮምፒውተር። ራሙ ቢያንስ 8 ጂቢ ይሁን። የጎግል መስፈርት ለስቱዲዮው ብቻ 8፣ ከኢሙሌተር (ኮምፒውተር ውስጥ ከሚከፈት ስልክ) ጋር ደግሞ 16 ጂቢ ነው።
- ኤስኤስዲ ዲስክ፣ 20 ጂቢ ያህል ባዶ ቦታ ያለው። 8 ጂቢ ራም ካላችሁና ዲስካችሁ የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ያላችሁን ገንዘብ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት።
- አንድሮይድ 7 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ስልክ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክም ይሆናል።
- ፋይል የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ኬብል። አንዳንድ ርካሽ ኬብል ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው።
- ለመጀመሪያው ቀን 4 ጂቢ ያህል ዳታ።
- ለመጠባበቂያ የሚሆን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ።

ጃቫን ለብቻው አታውርዱ። ስቱዲዮው የሚያስፈልገውን ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ከመጫናችሁ በፊት የፎልደር ስምና ቀን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ይለፋል።

ፕሮጀክቱ የሚቀመጥበት ፎልደር ስም ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ካለ ዊንዶውስ ላይ ቢልዱ (ኮዱን ወደ አፕ የመቀየሩ ሥራ) እምቢ ይላል። «የኔ ሥራ» የሚል ፎልደር ለዓይን ያምራል፤ ቢልዱን ለሚሠራው ግሬድል ግን እንቅፋት ነው። ስለዚህ ሲ ወይም ዲ ድራይቭ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው ስም ያለው ፎልደር ክፈቱ።

የዊንዶውስ የተጠቃሚ ስማችሁ ራሱ በአማርኛ ከተጻፈ ችግሩ ይብሳል። ስቱዲዮው የሚያወርዳቸው ፋይሎች በሙሉ በዚያ ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ነው የሚገቡት። ስሙን በኋላ ብትቀይሩትም ፎልደሩ በድሮ ስሙ ይቀራል። የሚሻለው በላቲን ፊደል አዲስ አካውንት ከፍቶ እዚያ መጫን ነው።

ቀኑንም እዩ። የኮምፒውተራቸውን ቀን በኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። የቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ላፕቶፕም በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ በዓመታት ከተዛባ ኮምፒውተሩ የድረገጾችን የደህንነት ሰርተፊኬት አያምንም፤ ማውረድም ይቋረጣል። ኢንተርኔቱ እየሠራ «መገናኘት አልተቻለም» የሚላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

ደረጃ 2፦ ስትጭኑ ኢሙሌተሩን ተዉት

1. ኢንስታለሩን ከአንድሮይድ ዲቨሎፐርስ ዋና ገጽ አውርዱ። ከ1 ጂቢ በላይ ነው። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፋይል ከቴሌግራም ግሩፕ አንስታችሁ አትጫኑ።
2. «ምን ምን ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ «አንድሮይድ ቨርቹዋል ዲቫይስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ።
3. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት «ስታንዳርድ» እና «ከስተም» የሚሉ ምርጫዎች ያመጣል። «ከስተም»ን ምረጡ። እዚያም ቨርቹዋል ዲቫይስ ካለ ምልክቱን አንሱ።
4. ኤስዲኬው (የአንድሮይድ አፕ መሥሪያ ፋይሎች ስብስብ) የሚቀመጥበትን ቦታ ያሳያችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ደረጃ 4 ላይ ያስፈልገናል።

ኢሙሌተር ኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት ስልክ ማለት ነው። ለብቻው የሚያወርደው የሲስተም ምስል ወደ 1 ጂቢና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሲነሳ ደግሞ ሁለት ጂቢ ያህል ራም ይይዛል። ከ8 ጂቢ ላይ ዊንዶውስ፣ ስቱዲዮውና ግሬድል ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለእሱ የሚተርፍ የለም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ከእሱ ይፈጥናል፤ የእውነተኛውን ተጠቃሚ ሁኔታም ያሳያችኋል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ቴምፕሌት ምረጡ

«ኒው ፕሮጀክት» ስትሉ በርካታ ሥዕሎች ይመጣሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

«ኤምፕቲ አክቲቪቲ» የሚለው በአሁኑ ስቱዲዮ የጄትፓክ ኮምፖዝ ፕሮጀክት ይከፍታል። ገጹ በኮትሊን ኮድ ነው የሚሠራው። የኤክስኤምኤል ገጽ የለውም፤ ጃቫ የመምረጥ ዕድልም አይሰጥም። «ኤምፕቲ ቪውስ አክቲቪቲ» የሚለው ነው የድሮው። በተን እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት የኤክስኤምኤል ገጽ አለው፤ ጃቫም መምረጥ ይቻላል።

አሮጌ የዩትዩብ ቪዲዮ እየተከተላችሁ «ኤምፕቲ አክቲቪቲ»ን ብትመርጡ አስተማሪው የሚከፍተውን ፋይል እናንተ ጋ አታገኙትም። «የኔ ስቱዲዮ ተበላሽቷል» ብለው አጥፍተው ድጋሚ የጫኑ ሰዎች አውቃለሁ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ቪዲዮው ኤክስኤምኤል የሚያሳይ ከሆነ «ቪውስ» ያለበትን ምረጡ። ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ በኮምፖዝ ጀምሩ፤ ጎግል ለአዲስ አፕ የሚመክረው እሱን ነው።

በሚቀጥለው ገጽ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፓኬጅ ስም፣ ማለትም የአፑ መታወቂያ ስም ነው። ስቱዲዮው በራሱ የሚሞላውን «ኮም ዶት ኤግዛምፕል» አትተዉት፤ ፕሌይ ስቶር አይቀበለውም። አፑ አንዴ ፕሌይ ስቶር ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ መታወቂያ ስሙ አይቀየርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የራሳችሁን ስጡት። ሁለተኛው «ሚኒመም ኤስዲኬ» ነው። አፑ ምን ያህል አሮጌ ስልክ ላይ እንደሚጫን የሚወስነው እሱ ነው። ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ይቀርባችኋል። ካላወቃችሁት የተሞላውን ተዉት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ሲንክ አስጨርሱ፣ ከዚያ ኦፍላይን ግቡ

ፕሮጀክቱ እንደተከፈተ ከታች በኩል መስመር ይሮጣል። ይህ ግሬድል ነው። ግሬድል ኮዳችሁን፣ ምስሎቻችሁንና ላይብረሪዎችን (ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) አሰባስቦ አፕ የሚያደርገው ክፍል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ግሬድልን፣ ቀጥሎም ላይብረሪዎቹን ያወርዳል፤ ሲንክ የሚባለው ይህ ነው። ሁሉም ሲደመር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው።

1. ሲንኩ ሳያልቅ ኮድ አትንኩ፤ ስቱዲዮውንም አትዝጉ። ባላለቀ ሲንክ ላይ ኮዱ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ስህተት ግን አይደለም።
2. መብራት የሚጠፋበት ሰዓት የሚታወቅ ከሆነ ባትሪ ሞልታችሁ ጀምሩ። ግማሽ ላይ የተቋረጠ ፋይል በኋላ ያስቸግራል።
3. ሲንኩ ሲያልቅ አንድ ጊዜ «ራን» በሉና አፑ ስልክ ላይ መከፈቱን አረጋግጡ። ስልክ የምናገናኘው ደረጃ 6 ላይ ነው። ይህ ያስፈለገው አንዳንዱ ፋይል የሚወርደው በሲንክ ሳይሆን በቢልድ ጊዜ ስለሆነ ነው።
4. ከዚያ በቀኝ ጠርዝ ያለውን የዝሆን ምልክት ተጫኑ። የግሬድል መስኮት ይከፈታል። ከላይ ካሉት ምልክቶች «ቶግል ኦፍላይን ሞድ» የሚለውን አብሩ።

ከዚህ በኋላ ግሬድል የወረደውን ብቻ ይጠቀማል። ዳታ ሳይኖር፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ሙሉ ቀን መሥራት ይቻላል። አዲስ ላይብረሪ ስትጨምሩ ግን «ኦፍላይን ላይ ስለሆንኩ አላገኘሁትም» የሚል ኤረር ይመጣል። ኦፍላይኑን አጥፉ፣ ሲንክ አድርጉ፣ መልሳችሁ አብሩት።

ጓደኛችሁ ቀድሞ ጭኖ ከሆነ ጭራሽ ማውረድ ላያስፈልግ ይችላል። ሁለት ፎልደር ከእሱ ቅዱ። አንዱ የኤስዲኬው ፎልደር ነው፤ ቦታውን ደረጃ 2 ላይ ጽፋችኋል። ሌላው በተጠቃሚ ስሙ ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የግሬድል ፎልደር ነው። የሚሠራው ግን የሁለታችሁም የስቱዲዮ እትምና የፕሮጀክት ቨርዥኖች አንድ ከሆኑ ብቻ ነው። ዚፕ አድርጋችሁ የምትወስዱ ከሆነ የፍላሹን ፎርማት እዩ። ፋት 32 ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ «ግሬድል ፕለጊኑን አሻሽለው» የሚል ብቅ ባይ መልእክት በቀኝ በኩል ይመጣል። ቁልፉን ዝም ብላችሁ አትጫኑ። አዲስ ግሬድልና አዲስ ላይብረሪ እንደገና ያወርዳል፤ አንዳንዴም የሚሠራውን ፕሮጀክት ያፈርሳል። በቂ ዳታና ጊዜ ባላችሁ ቀን፣ ፕሮጀክቱን ኮፒ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 5፦ ራሙን ጠብቁ

ብዙ ቪዲዮ «የግሬድልን ሜሞሪ ወደ 4 ጂቢ ከፍ አድርጉ» ይላል። 16 ጂቢ ላለው ጥሩ ምክር ነው። 8 ጂቢ ላይ ግን ዊንዶውስ ቦታ አጥቶ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ያኔ ማውዙ ሳይቀር ይደርቃል። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሜሞሪ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱና ለስቱዲዮውም ለግሬድሉም 2048 ሜጋባይት ይዛችሁ ቆዩ።

ሌላው የብራውዘር ታብ ነው። የምታነቡትን ስልካችሁ ላይ አንብቡ፤ ላፕቶፑን ለስቱዲዮው ተዉለት። የማትጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች አጥፉ። ባትሪ ሊያልቅ ሲል «ፋይል» ውስጥ «ፓወር ሴቭ ሞድ» አለ። ኮድ ስትጽፉ ከኋላ የሚደረገውን ፍተሻ ያቆመዋል። ሲበራ ግን ቀይ መስመሮቹም፣ በራሱ የሚመጣው የኮድ ጥቆማም ይጠፋሉ። ማጥፋቱን ረስታችሁ «ኤረር ማሳየት አቆመ» እንዳትሉ።

ደረጃ 6፦ ስልካችሁን አገናኙ

1. የስልኩ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት ፎን» ግቡ። «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። ሳምሰንግ ላይ መጀመሪያ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።
2. አሁን «ዲቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚል አዲስ ሜኑ ይታያል። እዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ»ን አብሩ።
3. ኬብሉን ሰኩ። ስልኩ ላይ «ይህን ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። «ሁልጊዜ ፍቀድ» ላይ ምልክት አድርጋችሁ እሺ በሉ።
4. ስቱዲዮው ላይ ከላይ የስልካችሁ ሞዴል ይታያል። አረንጓዴዋን ሦስት ማዕዘን ተጫኑ።

ጥያቄው ስልኩ ላይ ካልመጣ ስክሪኑ ተቆልፎ እንዳይሆን እዩ። ከዚያ ኬብሉን ቀይሩ። እኔ ካየኋቸው «ስልኬ አይታይም» ባዮች ግማሹ የኬብል ችግር ነው። ኬብሉ ደህና ከሆነ የስልኩን አምራች የዩኤስቢ ድራይቨር ጫኑ። ሻዎሚ ላይ ደግሞ «ኢንስቶል ቪያ ዩኤስቢ» የሚባል ሌላ ፈቃድ አለ። እሱ ካልበራ ስልኩ ይታያል፤ አፑ ግን አይጫንም።

አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ ኬብልም ይሠራል። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። ከስልክ መምረጫው ውስጥ «ፔር ዲቫይስስ ዩዚንግ ዋይፋይ» በሉና ኪውአር ኮዱን በስልኩ «ዋየርለስ ዲበጊንግ» አንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የባንክ አፖች ዲቨሎፐር ኦፕሽንስ በርቶ ካዩ አይከፈቱም። ክፍያ መፈጸም ስትፈልጉ አጥፉት፣ ስትሠሩ አብሩት። ሥራችሁን ስትጨርሱ ዩኤስቢ ዲበጊንግን መዝጋት ልማድ ይሁናችሁ። ክፍት ከተተወና «ሁልጊዜ ፍቀድ» ያላችሁት ኮምፒውተር ሌላ ሰው እጅ ከገባ ያ ሰው ስልካችሁ ውስጥ መግባት ይችላል።

ደረጃ 7፦ እጃችሁ የሚለምዳቸው ጥቂት ቁልፎች

የአቋራጭ ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም። እነዚህ ይበቃሉ።

- ኦልትና ኢንተር፦ ቀይ ወይም ቢጫ የተሰመረበት ቃል ላይ ሆናችሁ ስትጫኑ መፍትሔ ይጠቁማል። የጎደለ ኢምፖርት በዚህ ነው የሚገባው።
- ሺፍት ሁለት ጊዜ፦ ማንኛውንም ፋይል፣ ክላስ ወይም ሜኑ ይፈልጋል።
- ሺፍትና ኤፍ6፦ የአንድን ተለዋዋጭ ስም በሁሉም ቦታ ይቀይራል። በእጅ አትቀይሩ፤ አንዱን ትዘልላላችሁ።
- ኮንትሮልና ቢ፦ አንድ ፈንክሽን ወደ ተጻፈበት ቦታ ይወስዳል።
- ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤል፦ የተዘበራረቀ ኮድ ያስተካክላል።

ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ አንዳንዶቹ ቁልፎች አይሠሩም። ከዚህ የሚብሰው ሥርዓተ ነጥቡ ነው። የእኛ «፣» ለኮዱ ኮማ አይደለም፤ «፤»ም ሴሚኮለን አይደለም። ስክሪኑ ላይ ግን በጣም ይመሳሰላሉ። አንድ ልጅ ለሰዓታት የፈለገውን ስህተት ያገኘሁት ፊደሉን አጉልቼ ሳይ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከጻፈ በኋላ ኪቦርዱን ሳይመልስ አንድ «፣» አስገብቶ ነበር። ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ቀይ ካልጠፋ ምልክቱን አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ድጋሚ ጻፉት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ኮድ አጥፍታችሁ መመለስ ካቃታችሁ በግራ በኩል ፋይሉን ወይም የነበረበትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ አድርጉ። «ሎካል ሂስትሪ»፣ ከዚያ «ሾው ሂስትሪ» በሉ። ስቱዲዮው የቅርብ ቀናቱን ለውጥ ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ ይዞታል። የምትፈልጉትን መርጣችሁ «ሪቨርት» ነው። ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) ያላስጀመሩ ብዙ ሰዎችን አድኗል። የጊት ምትክ ግን አይደለም፤ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛል።

ደረጃ 8፦ አፑ ሲዘጋ ሎግካትን አንብቡ

«አፔ ይከፈትና ይዘጋል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ ሎግካት (የስልኩ መልእክቶች የሚታዩበት መስኮት) ውስጥ ነው። በምሳሌ እንየው።

የእቁብ ማስያ አፕ ሠራችሁ እንበል። ተጠቃሚው የብሩን ቦታ ባዶ ትቶ «አስላ»ን ተጫነ። አፑ ተዘጋ።

1. ከታች በግራ የድመት ፊት ያለበትን «ሎግካት» ክፈቱ። ከላይ ያለው ማጣሪያ የእናንተን አፕ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። አታጥፉት፤ ያለዚያ የስልኩ ሁሉም መልእክት ይጎርፋል።
2. ስህተቱን ድጋሚ ፍጠሩ። ቀይ መስመሮች ይመጣሉ።
3. ወደ ላይ ሄዳችሁ «ፋታል ኤክሴፕሽን» ከሚለው ጀምሩ። ሰው ሁሉ የሚያነበው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም።
4. ቀጥሎ የስህተቱ ዓይነት ተጽፏል። እዚህ «ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን» ይላል፤ ከጎኑ ባዶ ጥቅስ አለ። ቁጥር ይሆናል የተባለው ጽሑፍ ባዶ ነበር ማለት ነው።
5. ከሥሩ ካሉት መስመሮች የራሳችሁ ፋይል ስም ያለበትን በሰማያዊ ታገኛላችሁ፤ ከጎኑ የመስመር ቁጥር አለ። ክሊክ ስታደርጉት ኮዱ ላይ ያደርሳችኋል። «ኮዝድ ባይ» የሚል ካለ ደግሞ የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» እዩ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

መፍትሔው ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ቁጥር ከመቀየር ይልቅ ካልሆነለት ባዶ የሚመልሰውን «ቱ ኢንት ኦር ነል» መጠቀም ነው። ባዶ ሲመለስ «እባክዎ የብሩን መጠን ይሙሉ» የሚል መልእክት አሳዩ።

ደረጃ 9፦ አፑ ሳይዘጋ ስሌቱ ሲሳሳት ዲበገር

ያው የእቁብ አፕ፣ 12 አባል፣ እያንዳንዱ 500 ብር። ድምሩ 6,000 መሆን ሲገባው 5,500 ያሳያል። አልተዘጋም፤ ስለዚህ ሎግካት ዝም ይላል። እዚህ የሚያስፈልገው ዲበገር ነው፤ ኮዱን መሃል ላይ አቁሞ ውስጡን የሚያሳይ ክፍል ነው።

1. ድምሩ የሚሠራበት መስመር ቁጥር ላይ ክሊክ አድርጉ። ቀይ ነጥብ ይመጣል።
2. ከ«ራን» ጎን ያለውን የነፍሳት ምልክት ተጫኑ። አፑ በዲበግ ይነሳል።
3. ስልኩ ላይ «አስላ»ን ንኩ። ኮዱ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል።
4. ከታች የሁሉም ተለዋዋጮች ዋጋ ተዘርዝሯል። ኤፍ8ን እየተጫናችሁ አንድ አንድ መስመር ሂዱ። ኤፍ9 እስከሚቀጥለው ነጥብ ይለቀዋል።

ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ቆጣሪው 1 ላይ መሆኑን ታያላችሁ። ዝርዝር የሚጀምረው ከ0 ነው። የመጀመሪያው አባል ተዘሏል፤ የጎደለው 500 ብር የእሱ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በግምት ኮድ እየቀየራችሁ ብትሞክሩ ግን ሰዓታት ይወስዳል።

ብዙ ላፕቶፕ ላይ የኤፍ ቁልፎች ድምፅና ብርሃን የሚያስተካክሉ ናቸው። ካልሠሩላችሁ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር ተጫኑ።

ደረጃ 10፦ አማርኛውን በትራንስሌሽንስ ኤዲተር ግቡበት

ጽሑፍ ኮድ ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። ሁሉም በስትሪንግስ ፋይል ይሁን። ያን ፋይል ስትከፍቱ ከላይ «ኦፕን ኤዲተር» ይላል። የሉል ምልክቱን ተጫኑና አማርኛን ምረጡ። አዲስ ዓምድ ይጨመራል፤ ያልተተረጎመው በቀይ ይታያል። ስልኩ አማርኛ ከሆነ አፑም በራሱ አማርኛ ይሆናል።

ኤዲተሩ ላይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም። የፎንት ጉዳይ ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤዲተር»፣ ከዚያ «ፎንት» ግቡና «ፎልባክ ፎንት» ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ ምረጡ። የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታየ ግን ጽሑፉ ቀድሞ ተበላሽቷል። ከታች በቀኝ ጥግ ዩቲኤፍ 8 የሚል መሆኑን አረጋግጡና ድጋሚ ጻፉት።

ደረጃ 11፦ ለሰው የሚላክ ኤፒኬ

«ራን» ስትሉ የሚፈጠረውን ኤፒኬ ፈልጋችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ያ ለሙከራ ብቻ የሚል ምልክት አለው፤ የላካችሁለት ሰው «አፑ አልተጫነም» ይለዋል። ከ«ቢልድ» ሜኑ ኤፒኬ የሚሠራውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ሲያልቅ በቀኝ በኩል «ሎኬት» የሚል ይመጣል፤ ፎልደሩን ይከፍትላችኋል።

ይህ ለሙከራ ነው። ለተጠቃሚ የሚሰጠው በራሳችሁ ቁልፍ (አፑ የእናንተ መሆኑን በሚያረጋግጥ ፋይል) መፈረም አለበት። «ቢልድ» ውስጥ «ጀነሬት ሳይንድ አፕ ባንድል ኦር ኤፒኬ» በሉ። በእጅ ለምታከፋፍሉት ኤፒኬ፣ ለፕሌይ ስቶር ባንድል (ፕሌይ ስቶር ለየስልኩ የሚስማማ ኤፒኬ የሚያወጣበት ፋይል) ምረጡ። ፕሌይ ስቶር ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አፕ የሚቀበለው በባንድል ነው። ቀጥሎ «ክሪኤት ኒው» ብላችሁ ቁልፉን ፍጠሩ። የሚቆይበት ዘመን 25 ዓመት ተብሎ ተሞልቷል፤ ተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ቁልፍ አትጣሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሱቅ የዱቤ መመዝገቢያ አፕ ሠርቼ ኤፒኬውን በእጅ ሰጠሁ። ቁልፉ ላፕቶፔ ላይ ብቻ ነበር። ዲስኩ ተበላሸ። ማሻሻያ ስሠራ ስልኩ አልቀበልም አለ፤ ፊርማው ሌላ ነውና። ያለው መንገድ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጫን ነበር። አሮጌው ሲጠፋ የተመዘገበው ዱቤ አብሮ ጠፋ። የሱቁን ባለቤት ፊት እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ቁልፉን፣ ፓስወርዱንና የቁልፉን ስም ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከላፕቶፑ ውጭ ይሁን። ጊት ላይ ግን አትጫኑት። በፕሌይ ስቶር የምታወጡ ከሆነና የመጫኛ ቁልፋችሁ ከጠፋ በፕሌይ የፊርማ አገልግሎት በኩል ማስቀየር ይቻላል። በእጅ ላከፋፈላችሁት አፕ ግን ይህ ዕድል የለም።

የተለመዱ ስህተቶች

- ሲንክ ተቋርጦ «ግሬድል ሲንክ ፌልድ» ቢል፦ መጀመሪያ «ትራይ አጌን» በሉ። ያው ከሆነ ነጥብ ባለው የግሬድል ፎልደር ውስጥ «ራፐር»፣ ከዚያ «ዲስትስ» ግቡ። በግማሽ የቀረውን የግሬድል እትም ብቻ አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱት። ፎልደሩን በሙሉ አታጥፉ፤ የከፈላችሁበት ዳታ ሁሉ እዚያ ነው።
- ኮዱ ትክክል ሆኖ ሁሉም ነገር ከቀላ፦ «ፋይል» ውስጥ «ኢንቫሊዴት ካሽስ»። ስቱዲዮው ዳግም ተነስቶ ሁሉንም እንደገና ያነባል፤ ጊዜ ይወስዳል። ከሳጥኑ ውስጥ ሎካል ሂስትሪን የሚያጠፋውን ምርጫ አትንኩ።
- ተፈርሞ የተሠራው ኤፒኬ ስልካችሁ ላይ እምቢ ካለ፦ ከስቱዲዮው የተጫነው የሙከራ እትም በሌላ ቁልፍ የተፈረመ ነው። መጀመሪያ እሱን ከስልኩ አጥፉ።
- ለውጡ ስልኩ ላይ ካልታየ፦ «ራን» እንጂ «አፕላይ ቼንጅስ» ብቻ እንዳልተጫናችሁ እዩ። እሱ ትናንሽ ለውጥ ነው የሚያስተላልፈው።
- ጥያቄ ስትልኩልኝ፦ ስክሪኑን በስልክ ካሜራ አታንሱ። ሎግካት ውስጥ ከ«ፋታል ኤክሴፕሽን» ጀምሮ ያለውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጉና ላኩ። የስቱዲዮውን እትምም ጨምሩበት፤ «ሄልፕ» ውስጥ «አባውት» ላይ ይገኛል።